አዲስ ማኅበር ከመመሥረት ያለውን እድር ማገዝ፦ ለባሕር ዳር በጎ ፈቃደኞች

ባሕር ዳር ላይ ችግረኛ ማገዝ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ማኅበር በማቋቋም ነው። ስም ይወጣል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ቲሸርት ይታተማል፤ ዓመት ሳይሞላ ሰብሳቢው ሌላ ከተማ ሥራ ያገኛል፣ ገንዘብ ያዡም ስልክ ማንሣት ይተዋል። ሰፈሩ ግን ድሮም እድር ነበረው። ሰንበቴ አለው፣ የጽዋ ማኅበር አለው፣ በየመስጊዱ ጀመዓ አለ። ማን እንደታመመ፣ ማን የቤት ኪራይ እንዳቃተው፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። የሚያጥራቸው መዝገብ የሚይዝ፣ ማመልከቻ የሚጽፍና ቢሮ ለቢሮ የሚመላለስ ሰው ነው። የምንጽፈው ያንን ሰው ለመሆን ለሚያስቡ ነው።

ከሕጉ እንነሣ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይደናገራሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን የመሳሰሉ ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም። ስለዚህ እድሩ የሰፈሩን ሰው ስለደገፈ ብቻ እንደ ድርጅት ተመዝገብ አይባልም። ከለጋሽ ጋር ውል ተፈራርሞ ፕሮጀክት ማካሄድ ከታሰበ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ምዝገባ፣ ዓመታዊ ሪፖርትና ኦዲት ይከተላል፣ የአስተዳደር ወጪም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ያስገድዳል። ለአርባ አባወራ ሽሮና ሳሙና ለማድረስ ይህን ሁሉ መሸከም አያስፈልግም።

ወደ እድሩ ስትሄዱ ሐሳባችሁን በወረቀት አዘጋጅታችሁ ስብሰባ መሐል አትነሡ። አስቀድማችሁ ሰብሳቢውን ወይም ዳኛውን ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ቀጥሎ ጸሐፊውን። መጀመሪያ የምትጠይቁት የመተዳደሪያ ደንቡን ነው። በአብዛኛው እድር ደንብ ላይ ገንዘብ የሚወጣው ለሞት ብቻ ነው፤ ለታመመ ወይም ለተራበ የሚል አንቀጽ የለም። በሰብሳቢው መልካም ፈቃድ ብቻ ከሣጥኑ ተነሥቶ ለአንዲት ሕመምተኛ 3,000 ብር ቢሰጥ፣ በቀጣዩ ወር ሐዘን የደረሰበት አባል ሣጥኑ ጎድሎ ሲያገኝ እድሩ ይታመሳል። ሰው እድር የሚገባው የቀብሩ ነገር እንዳያሳስበው ነውና ቅሬታው ተገቢ ነው። የቀብር ገንዘብ አይነካም። ለድጋፉ የተለየ መዝገብና የተለየ መዋጮ ይከፈታል፤ በጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ተይዞ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮና ተፈርሞ። መቶ ሃምሳ አባል ያለው እድር በወር 20 ብር ቢጨምር 3,000 ብር ነው፤ በዓመት 36,000። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ የበለጠ ያሠራል።

መዋጮውን ለማይችል አባል ቅጣት አይጻፍበት። ይህን በደንቡ ላይ በግልጽ ካላሰፈራችሁት፣ መደገፍ የሚገባው ሰው የድጋፍ መዋጮ ባለመክፈሉ ተቀጥቶ ሲወጣ ታያላችሁ።

ገንዘቡ በእድሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ፈራሚዎቹ ሦስት ሆነው ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ አንዱ ለሐዘን ጎንደር የወረደ ዕለት ሥራው ይቆማል። ባንኩ ሒሳብ ለመክፈት ቃለ ጉባኤውን፣ ደንቡንና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ማየት ስለሚፈልግ ሦስቱንም ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ከሩቅ የሚላክ ብር በአንድ ሰው ቴሌብር ላይ መጠራቀም የለበትም። በቴሌብር የግድ ከመጣ በዚያው ዕለት ወደ ሒሳቡ ይዛወር፣ የማረጋገጫው መልእክት ቁጥር በገቢ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ዳታ በተቋረጠ ጊዜ *127# ስለሚሠራ "ኢንተርኔት ጠፍቶ ነው" የሚለው ምክንያት አያሠራም። የወሩ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በአንድ ገጽ ተጽፎ በወርኃዊው ስብሰባ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ማንበብ ለማይችሉ አባላት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ምንም አይነግራቸውም።

አሁን ወደ ስም ዝርዝሩ። ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀበሌው ዝርዝር አለው፤ ነገር ግን የቀበሌ ዝርዝር የሚያውቀው መታወቂያ ያለውን ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከሦስት ቦታ ሰብስቡ፦ ከቀበሌው፣ ከከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ከእድሩ ጡሩንባ ነፊ። ጡሩንባ ነፊው በሌሊት እያንዳንዱን ደጃፍ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የትኛው ቤት ጭስ እንደማይወጣበት ከኮሚቴው ሁሉ በተሻለ ይነግራችኋል። ከሦስቱ ቢያንስ በሁለት ዝርዝር ላይ የታየ ስም ቶሎ ይያዝ፤ በአንዱ ብቻ የታየውን ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይዩት። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። "ለምን ተቸገርሽ?" ብሎ መጀመር ነውር ነው። "እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?" ብሎ ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ቤቱን ማየት ይበቃል። ቅጽ በእጅ ይዞ ደጃፍ ላይ መቆም ጎረቤት ሁሉ እንዲወጣና እንዲያይ ያደርጋል።

ሁሉም ዝርዝር የሚዘነጋቸው ሰዎች አሉ። ተከራዮች፣ በተለይ ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል የሚኖሩ። ተፈናቅለው መጥተው ዘመድ ቤት የተጠጉ፤ ስማቸው የሚጻፈው ባስጠጋቸው አባወራ ሥር ስለሆነ አሥር ሰው እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል። የቤት ሠራተኞች፣ በመጠጥ ቤት የሚሠሩ ሴቶች፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ዘግተው የሚያስታምሙ ቤተሰቦች። ስለ ኤችአይቪ አንድ ነገር በጥብቅ እንናገራለን፤ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የሰው የደም ውጤት አይጻፍ፣ በምልክትም አይጠቆም። የሕክምና ምግብ የሚያስፈልገው ሰው "የሕመም ድጋፍ" በሚል አንድ ዓምድ ከስኳርና ከሳንባ ሕመምተኛው ጋር አብሮ ይግባ። መዝገቡን ሦስት ሰው ያያል፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

እህል የምትሰጡ ከሆነ መጠኑን አስቡበት። በአገራችን የዕርዳታ አሰጣጥ የተለመደው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። አምስት ነፍስ ላለው ቤት 75 ኪሎ እህል ማለት ነው፤ የሰፈር እድር ይህን አይችለውም፣ ለመቻልም አይሞክር። ሲሶውን ቆርጦ 25 ኪሎ እህል፣ 2.5 ኪሎ ሽሮ ወይም ክክና፣ ዘይቱን ከሲሶው ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ 1 ሊትር በየወሩ ሳያቋርጡ መስጠት፣ ሙሉውን አንድ ወር ሰጥቶ ሦስት ወር ከመጥፋት ይሻላል። ቤቱ ቀሪውን እንዴት እንደሚሞላ ማቀድ የሚችለው የሚመጣውን ሲያውቅ ነው።

በቆሎ ከሰጣችሁ የወፍጮውን ሒሳብ አብራችሁ ስጡ። ካልሆነ ከተሰጠው ላይ ተሸጦ ነው የሚፈጨው፤ ተቀባዩ እህሉን ሸጠ ተብሎም ይታማል። ከገበያ የገዛችሁትን ኩንታል ሚዛን ላይ መልሳችሁ ሳትመዝኑ ከነጋዴው አትለዩ። እንደዚያም ሆኖ ሲከፋፈል የሚፈስና የሚቀንስ ስላለ ከአንድ ኩንታል አራት ሙሉ 25 ኪሎ ይወጣል ብላችሁ አትመኑ፤ በየአሥሩ ኩንታል ጥቂት ኪሎ መጠባበቂያ ያዙ። በክረምት የጣና ዳር እርጥበት ከባድ ነው፤ ጆንያው መሬት ላይ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ ይሻግታል። እንጨት ረብርባችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ ደርድሩ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ደግሞ ጥሬ እህል ሸክም ነው። ማን ያስፈጭ፣ ማን ያቡካ፣ ማን ይጋግር? ከሰፈሩ እንጀራ ጋጋሪ ጋር ተዋዋሉ፤ በቀን ሦስት እንጀራ ለእማማ ቤት ይድረስ፣ ሒሳቡ በወር መጨረሻ ከእድሩ ይከፈል። ጋጋሪዋም ገበያ አገኘች፣ አንድ ሰውም በየቀኑ ደጃፉን አንኳክቶ ደኅና መሆናቸውን አየ። ጥርስ ለሌላቸው ሽሮ እንጂ ክክ አይሰጥም፤ የሚነገር ነገር አይመስልም፣ ግን ክክ ሲሰጥ ኖሯል።

ሳሙና ሁሌም ያንሳል። በዓለም አቀፍ የሰብአዊ ድጋፍ መስፈርት ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ነው። ከእህሉ ላይ ጥቂት ቀንሶ ሳሙናና የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ መጨመር ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ደጋግመው የሚሉት ነው።

ገበያው በሚሠራበት ጊዜ ለብዙው ቤት ጥሬ ብር ይሻላል ባዮች ነን። የቤት ኪራይ ግን ለብቻው ይታይ። ለአከራዩ በቀጥታ፣ በፊርማ፣ ወር በወር ይከፈል። የስድስት ወር በአንድ ጊዜ የተከፈለበት ቤት አከራዩ "ረጂ አላቸው" ብሎ ኪራይ የሚጨምርበት ቤት ይሆናል።

ስለ ጊዜው አንድ ቅሬታ አለን። ሁሉም የሚሰጠው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ነው። የሚከፋው ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ የቀን ሥራ በዝናብ ይቆማል፣ እህል ይወደዳል፣ ጣሪያ ያፈሳል። መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ። ለፋሲካ ዶሮ ከሚሰጥ ያው ገንዘብ ለነሐሴ ሽሮና ለግንቦት ቆርቆሮ ጥገና ቢቀመጥ ይመረጣል። ቆርቆሮ የሚጠገነው ሰኔ ሳይገባ ነው፤ ከገባ በኋላ አናጺ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው።

ከጆንያ ይልቅ ቤተሰብን የሚያቆመው ግን ወረቀት ነው። በጎ ፈቃደኛ ጊዜውን የት ላይ ያውል ቢባል መልሳችን ይህ ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች ውስጥ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ፤ ለጣና ዙሪያ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይሸፍናል፤ ነገር ግን ለየቀበሌው የሚመደበው ቁጥር ውስን ስለሆነ ዝርዝሩ ቶሎ ይሞላል። የምዝገባው ወቅት ሳይከፈት የእናንተን ሰዎች ስም ከእድሩ ደብዳቤ ጋር አስገቡ። አቅማቸው በነፃ ከሚመዘገቡት ትንሽ ከፍ ብሎ ከዝርዝሩ ለቀሩት እድሩ ይክፈልላቸው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ብር የሚወጣበት ቦታ አናውቅም። ካርድ ያወጣ ሰው ደግሞ አጠቃቀሙን ይነገረው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ይከፍላል፤ ከከፈለ በኋላም "መድኅኑ ውሸት ነው" ብሎ ሰፈሩን ያስቀራል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደማይሸፍን ቀድሞ ይታወቅ። መድኃኒቱ በተቋሙ ከሌለ በስንት ጊዜ፣ በምን ደረሰኝ ገንዘቡ እንደሚመለስ የመድኅን ባለሙያውን ጠይቃችሁ ጻፉት።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ሌላው ነው። ምዝገባው ነፃ ነው፤ ብር የሚጠይቅ ካለ ደላላ ነው። የሚሰጠው ቁጥር 12 አኃዝ ሲሆን ባንክ ሁሉ እየጠየቀው ነው። ምንም ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል። ደንገል የሚሠሩ፣ ድንጋይ የሚሸከሙና ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች አሻራቸው ስለሚፋቅ ማሽኑ ሊያስቸግር ይችላል፤ የዓይንና የፊት መረጃም ስለሚወሰድ ተስፋ ቆርጠው እንዳይመለሱ አብሯቸው የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ስልክ የሌላቸውን ሁሉ በራሳችሁ ቁጥር አታስመዝግቡ። የልጅ ወይም የቅርብ ጎረቤት ቁጥር ይሁን፤ እናንተ ከተማውን ስትለቁ መልእክቱ የሚሄደው ወዴት ነው?

ለሕፃናት የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት፤ ሞት በ30 ቀን። ጊዜው ቢያልፍም ይመዘገባል፣ ግን ውጣ ውረዱ ይበዛል። ሰፈር ውስጥ ልጅ የተወለደበትን ቤት ክርስትናው ወይም አቂቃው ሲደረግ ማወቅ ቀላል ነው፤ በዚያው ሰሞን ለእናትየዋ ቀጠሮ ያዙላት።

ማመልከቻ አጻጻፍ ላይ ከችሎታ ይልቅ ሥርዓት ይበልጣል። ቀን፣ ለማን፣ "ጉዳዩ" የሚለው ዓረፍተ ነገር፣ ምን እንደደረሰ በቅደም ተከተል፣ በመጨረሻ ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ፤ ሁሉም በአንድ ገጽ። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበትና ማኅተም ተመትቶበት በእጃችሁ ይመለስ። ያለ ገቢ ቁጥር የተሰጠ ወረቀት እንዳልተሰጠ ቁጠሩት። ሁለት ሳምንት ጠብቃችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። መልስ ከሌለ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከተማ አስተዳደር፤ በየደረጃው የበፊቱ ኮፒ ይያያዛል። የአስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የመብት ጥሰት ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቅሬታ ይቀበላሉ፤ ሁለቱም መጀመሪያ የሚጠይቁት ከዚህ በፊት የት አመልክታችሁ ምን እንደተባላችሁ ነው። ኮፒ ያላስቀመጠ እዚህ ላይ ይወድቃል። በየቢሮው የተነገራችሁን ስምና ቀን ጨምራችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ድምፅ ከፍ ማድረግ ግን ጉዳዩን ሳይሆን ባለጉዳዩን ይጎዳዋል፤ ነገ ብቻዋን ወደዚያው መስኮት የምትመለሰው እሷ ናት።

ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ሳይከፍል ክስ የሚያቀርብበት ሥርዓት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ አለ። የንብረት ዝርዝርና አቅም እንደሌለው የሚያስረዳ የቀበሌ ደብዳቤ ይቀርባል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ለአቤቱታ ጸሐፊ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ወደዚያ መሄድ ነው። ውርስ፣ የልጅ ቀለብና ያልተከፈለ ደመወዝ ብዙ ጊዜ የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

ባለጉዳይዋ አስገድዶ መድፈር የደረሰባት ሴት ወይም ልጅ ከሆነች ቅደም ተከተሉ ይቀየራል፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ። እርግዝናን የሚከላከለው እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል፤ ሲዘገይ ግን ይዳከማል። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷ በወረቀት ከረጢት ተይዞ ትሂድ። ሽማግሌ ሰብስቦ እርቅ መጀመር እነዚያን ሰዓታት ይበላል፤ የእድር አመራሩ ይህን ቀድሞ በስብሰባ ቢነጋገርበት ደግ ነው፣ ነገሩ ከደረሰ በኋላ ለመከራከር ጊዜ የለም።

በሐይቁ ዳር ስላሉት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። ኑሯቸው በደንገል ታንኳ፣ በሰፌድና ቅርጫት ሥራና በዓሣ ላይ ነው። ደንገሉ እየራቀና እየተመናመነ ሄዷል፣ ዳርቻው እየተገነባበት ነው፣ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ እንቦጭ የተባለው የውኃ አረም መጥቷል። "ወይጦ" ብቻ ብሎ በንቀት መጥራትና ድሮ ያድኑት ስለነበረው ጉማሬ መጠየቅ ከተማው ውስጥ እንዴት እንደሚያማቸው የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ አስቀድሞ ይነገረው። አልባሳት ጭኖ፣ ፎቶ አንሥቶ መመለስ ለእነሱ የሰለቸ ነገር ነው። የሚጠቅመው የደንገሉን ማጓጓዣ ቀድሞ መክፈል፣ ሰፌዱን ያለ ደላላ በተሻለ ዋጋ ሆቴሎችና ሱቆች እንዲረከቡት ማገናኘት፣ የመኖሪያ ቦታ ጉዳይ ሲነሣ ደግሞ ሰነድ በማደራጀት ማገዝ ነው። ስብሰባ ላይ የሚናገሩት የራሳቸው ተወካዮች ይሁኑ። የራሳቸው ማኅበር ካለ እሱን ሳትጠይቁ ምንም አትጀምሩ።

የአብነት ተማሪዎችንም እናንሣ። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በጠባብ ጎጆ ብዙ ሆነው ስለሚያድሩ እከክ ሲገባ ሁሉንም ይይዛል። የታመመውን ብቻ ማሳከም ከንቱ ድካም ነው፤ በአንድ ጎጆ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ፣ ልብስና ብርድ ልብሳቸውም በዚያው ቀን ይታጠብ። ለዚህም የኔታን አስፈቅዶ፣ ከጤና ጣቢያው ጋር ቀን ቆርጦ፣ ቅያሪ ልብስና በርሜል አዘጋጅቶ መምጣት ያስፈልጋል። ቅያሪ ልብስ ካልተዘጋጀ ልብሱን ማንም አያወልቅም።

ፎቶን በተመለከተ አጭር ነው፦ የሰጪውን ደረሰኝ፣ የጆንያውን ክምር፣ የተጠገነውን ጣሪያ አንሡ። ተቀባዩን አታንሡ። ለጋሹ "ማስረጃ" ካለ የተፈረመበት መዝገብ ይታየው፤ አልበቃኝም ካለ ብሩ ይቅር።

ከከተማው የምትለቁ ከሆነ ሁለት ወር ቀድማችሁ ተናገሩ። ተተኪያችሁ በእነዚያ ሁለት ወራት ቢሮዎቹን ከእናንተ ጋር ትዙር፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው መልኳን ይልመደው፣ ያልተቋጩት ጉዳዮች ከነገቢ ቁጥራቸው በአንድ ወረቀት ይሰጧት። የስም ዝርዝሩና የሒሳብ መዝገቡ ቅጂ አንዱ በእድሩ እቃ ቤት ተቆልፎ፣ አንዱ በጸሐፊዋ እጅ ይሁን። ስልክ ላይ ብቻ የተያዘ መዝገብ ስልኩ የጠፋ ዕለት አብሮ ይጠፋል።